እግሬን ጓያ ወሰደው፤ በሬን ግን በገመድ ከፈትሁት

መጀመሪያ የሳተው ቀኝ እግሬ ነው።

ከሸማ ሥራዬ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ጋቢ እሠራ ነበር። የሸማኔ እጁ ይታያል እንጂ ሥራውን የሚይዘው እግሩ ነው። መርገጫውን ልረግጥ አልሁ። እግሬ ስቶት አለፈ። ደግሜ ረገጥሁ። አሁንም ሳተው። ሃያ ዓመት ሳላየው የማገኘውን መርገጫ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁት።

ድካም ነው አልሁ። ጥር ነበር፤ ለቀበሌ እርከን ስንቆፍር ነው የሰነበትነው። ማታውን ባቴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። በአራተኛው ቀን ጧት ከመኝታዬ ልነሣ ስል ጉልበቶቼ ታጠፉ። ወደቅሁ። ሕመም የለውም። ትኩሳት የለውም። አንዱ እግሬ በሌላው ላይ እንደ መቀስ ተሻግሮ ቀረ። ባለቤቴ ተዋበች ከጓዳ ሆና አየችኝ።

"ተነሥ እንጂ" አለች።

"እንቢ አለኝ" አልኋት።

ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው እንደኔ እግሩ ለታሰረበት ሰው፣ እንዲህ ያለውንም ሰው ቤቱ አስተኝቶ ለሚያስታምም ነው። ቤቴ ከደብረ ታቦር ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ዝናቡ የቀረበት ዓመት።

ጤፉ አልያዘም። ገብሱ በቁሙ ነደደ። የተረፈው ጓያ ብቻ ነበር፤ ጓያ ሰማይ ቢጨክንበት እንኳ ከደረቀ ጭቃ ውስጥ እርጥበት ፈልጎ ያፈራል። ተዋበች ከይፋግ ገበያ እያመጣች ሽሮውንም፣ ቂጣውንም፣ ንፍሮውንም ከሱ አደረገችው። አራት ወር ያህል ሌላ እህል አልቀመስንም ማለት ይቻላል። እሷ ከራሷ እየቀነሰች ለኔ ታተርፍ ነበር፤ ወንድ ነው፣ እርከን ይቆፍራል ብላ። እሷ ያልተሰበረችው፣ እኔም የተሰበርሁት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጓያ ሰው እንደሚሰብር አናውቅም ነበር አልልም። እናውቃለን። የማናውቀው በየት በኩል እንደሚገባ ነው። በእኛ አገር የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባላል። ገለባው ላይ የተኛ፣ ማሳውን ያቋረጠ ይሰበራል ይባላል። ስለዚህ ተዋበች ድስቱን ስትከፍት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔንም "ራቅ በል፣ እንፋሎቱ እንዳያገኝህ" ትለኛለች። እርቃለሁ። እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ እገባና እህሉን ጠርጌ እበላለሁ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ከጢሱ ሸሽተን እሳቱን ዋጥነው። የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልጠፋም ነበር፤ ወርዶ የነገረን ግን አንድ አልነበረም። እርከኑን ለማስቆፈር ቤት ለቤት የዞረ ሰው፣ ስለ ጓያ አንድ ቃል ለመናገር አልዞረም።

ከጥር እስከ ሰኔ የነካካኝ ብዙ ነው። አንድ መርፌ የሚወጋ ሰው "ብርድ ነው" ብሎ ፔኒሲሊን ሲወጋኝ ሰነበተ፤ ምን ትበላለህ ብሎ አልጠየቀም። አንዷ ጎረቤት ከአጥር ውጭ ቆማ "ባለእጅ አይደል፤ ሰው በዓይኑ የበላ እግሩን ይበሉታል" አለች፤ ልጇን ያቀፈችበት ጋቢ የእኔ ሥራ ነው። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃም ወሰዱኝ። ውኃው መልካም ነው፤ ሲነክሩኝ ጅማቴ ይፈታል፣ ስወጣ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ተቀመጥሁ። ስንቃችን ምን ነበር? የጓያ ቂጣ።

ሰኔ ሲገባ ሆስፒታል ደረስሁ። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታው። እግሬ እንደ ደነገጠ በቅሎ ፈረገጠ። ሌላውንም መታ። እሱም ፈረገጠ።

"ምንድን ነው የሚበሉት?" አለኝ።

"የተገኘውን።"

"የተገኘው ምንድን ነው?"

"ጓያ።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ላቲሪዝም ይባላል" አለ። "መርዙ እህሉ ውስጥ ነው። በአከርካሪዎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ጎድቶታል።"

"ይመለሳል?"

"የተጎዳው አይመለስም። ጓያውን ካቆሙ ግን አይብስም። እግርዎ በየቀኑ ከተሳበ፣ ከተፍታታ፣ በዱላ ሊራመዱ ይችላሉ።"

"እንፋሎቱስ?" አልሁት።

"እንፋሎቱ ምንም አያደርግም።"

አለቀስሁ። ስለ እግሬ አልነበረም። ደጅ ቆሜ እንፋሎቱን ስለጠበቅሁበት ጊዜ ነው ያለቀስሁት። ሐኪሙ እስክጨርስ ጠበቀኝና ሁለቱን መዳፎቼን ገልብጦ አያቸው። "እጅዎ ደኅና ነው" አለኝ። "እንግዲህ በእጅዎ ይኑሩ።"

ቤት እንደገባሁ የተዋበች ታላቅ ወንድም፣ አያ መኮንን፣ በቅሎውን ደጅ አስሮ ገባ። ገበሬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ይርሳው" አለኝ፣ "ቅር አይበልህ። እህቴ ሽንኩርትና በርበሬ ነግዳ ነው የምታድረው። ይፋግ ስትወርድ ሁለት ቀን ትቀራለች። አንተን ማን ውኃ ያጠጣል? ለሽባ ሰው ደጀ ሰላም መቀመጥ ነውር አይደለም። እሷ ወደኔ ትምጣ።"

"በቤቴ ቁጭ ብለህ ቤቴን ልታፈርስ?" አልሁት።

ተዋበች ከመካከላችን ገባች። "እስከ ጥምቀት ስጠን፣ አያ" አለች። "እስከ ጥምቀት ብቻውን መዋልና ማደር ካልቻለ፣ ያልኸው ይሁን።"

"እሺ፤ በጥምቀት ዋዜማ በቅሎዬን ይዤ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

እንግዲህ የተያዘው ነገር ይህ ነው። ወይ ቤቴን ተኝቼ አዛለሁ፤ ወይ ቤቴም ትዳሬም ያበቃል።

የሸማኔ ቤት ገመድና መዘውር አያጣም። አልጋዬን ከምሰሶው ሥር አስጠጋሁና ተዋበች እየወጣች፣ እኔ ተጋድሜ እየመራሁ ቤቱን እንደ ሸማ ዕቃ ወጠርነው። የመጀመሪያው ገመድ ከእጄ ተነሥቶ፣ በጣሪያው ማገር ባለው መዘውር ዞሮ የበሩን መቀርቀሪያ ያነሣል፤ ስለቀው በራሱ ክብደት ወርዶ ይዘጋል። ሁለተኛው ከፍ ባለ መደብ ላይ የተቀመጠውን እንስራ ያዘነብላል፤ ውኃው በሸምበቆ ወርዶ ዋንጫዬን ይሞላል። ሦስተኛው ደጅ ከተሰጣው እህል በላይ የተንጠለጠሉ ጣሳዎችን ያንኳኳል፣ ለዶሮዎቹ። ዶሮዎቹ በሳምንቱ ለመዱትና ጣሳው ሥር ቆመው ይለቅሙ ጀመር፤ ያኔ ጣሳዎቹን ዝቅ አድርጌ ጀርባቸውን እንዲነካ አደረግሁት።

መንገደኛው ሁሉ በአጥር እያየ ይስቅ ነበር። "አያ ይርሳው! ጋፋት ተመለሰ እንዴ? መድፉ መቼ ነው የሚተኮሰው?" ይሉኛል።

"አንተ ደጁ ላይ ስትቆም" እላለሁ። ገመዱን እስበዋለሁ፣ በሩ ይከፈታል፣ ያ ሁሉ ተረበኛ ይበረግጋል።

አራተኛው ገመድ ነው ያስቸገረኝ። ቢጨንቀኝ የምጠራት ጎረቤት እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት መነኩሴ። ቤታቸው ድረስ ገመድ ዘርግቼ ቃጭል ሰቀልሁላቸው። ብናንቃጭለው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፤ እማሆይ ዳዊታቸውን መድገም ቀጠሉ። ለካ ጆሯቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ እሺ እሺ የሚሉን ከንፈራችንን እያዩ ነበር።

ለማይሰማ ሰው የሚታይ ነገር ነው። ተዋበች ከመኪና ጠጋኞች ዘንድ ያረጀ ሽቦ ለምና አመጣች። ሁለት የባትሪ ድንጋይ አልጋዬ ሥር አደረግሁ፤ ሽቦውን በአጥሩ አሻግሬ ከዳዊታቸው ማኖሪያ በላይ አንዲት የባትሪ አምፖል አሰርሁ። እኔ ዘንድ ሁለት የጣሳ ቁራጭ ሳገናኝ አምፖሏ ትበራለች። እማሆይ መጀመሪያ ስትበራ አማተቡ። በኋላ ወደዷት። እንዲህ ተባባልን፦ ከበራች ይመጣሉ፤ ካልበራች ደኅና ነኝ ማለት ነው። ተዋበች ይፋግ ወርዳ አድራ ትመለስ ጀመር። ሦስት ጊዜ ወረደች፤ ሦስቱንም በሰላም ጠበቅኋት።

በኅዳር አንድ ቀን፣ እሷ በወጣች ልክ፣ ሦስት የቀበሌ ዘቦች ገቡ። ሽቦውን ከአጥሩ ጀምረው ተከትለው ነው የመጡት።

"ይህ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ ሹማቸው።

"ወደ እማሆይ ቤት።"

"ምን ታስተላልፍበታለህ?"

"ውኃ ጠማኝ ብዬ።"

"ቀልደኛ ነህ! ራዲዮኑ የት አለ?"

ከአልጋዬ ገለበጡኝ። ሽቦውን በጠሱ። ድንጋዮቹን ኪሳቸው ከተቱ። ገመዶቹንም አንድ በአንድ በቢላ ቆረጡ፤ ገመድ ምን ያስተላልፋል? የእንስራው ሲቆረጥ እንስራው ወደቀና ተሰበረ። "አትንቀሳቀስ፤ እንጠራሃለን" አሉ። አትንቀሳቀስ! ለኔ! በሩን ሳቡት። መቀርቀሪያው በራሱ ክብደት ወረደ።

ተዘጋብኝ።

ውኃው መሬት ጠጣው። በክንዴ እየተሳብሁ በሩ ሥር ደረስሁ። መቀርቀሪያው ከላይ ነው። እጄ አልደረሰም። ጮኽሁ። እማሆይ አይሰሙም። ሌሎች ሰምተዋል። በኋላ ነግረውኛል፤ ሰምተን ነበር ብለውኛል። ያን ጊዜ ግን ዘብ የገባበትን ቤት ደፍሮ የሚረግጥ አልነበረም። በመንገዱ ኮቴ ይመጣል። ድምፄን ሲሰማ ይፈጥናል። ያልፋል።

ሌሊቱን አልነግራችሁም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። የፈሰሰውን ውኃ ጭቃ ላስሁ። ይህን የጻፍሁት እንዲታወቅ ነው እንጂ እንዲታዘንልኝ አይደለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተዋበች መጣች። "ይርሳው! ክፈት!" አለች። ድምፅ አልነበረኝም። በሩን በጥፍሬ ቧጠጥሁት። የሽንኩርት ቢላዋዋን በስንጥቁ አስገብታ መቀርቀሪያውን አነሣች።

እማሆይ ያኔ ነው፣ ተዋበች በሩን ስትታገል አይተው የደረሱት። ደረታቸውን እየደቁ "መብራቷ አልበራችም! ደኅና ነው ብዬ እኮ ነው! ሁለት ቀን ሙሉ ደኅና ነው እያልሁ ሳመሰግን ነበር!" ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመው ቀበሌ አደረሱኝ፤ እማሆይም ተጠርተዋል። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ሽቦዬን አስቀምጦ "ከዚህ ሰው ምን መልእክት ይቀበላሉ?" አላቸው። አጎንብሶ ስለሚናገር ከንፈሩን አላዩትም። ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ በሦስተኛው ቀና አለ።

"ልጄ" አሉት እማሆይ፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው በድምፃቸው አዳራሹን ሞልተው፣ "እኔ ቅዳሴውን እንኳ የምከተለው ሌላው ሲሰግድ አይቼ ነው። እኔን በጆሮዬ ለስለላ የመለመለ ካለ፣ እሱ ጠላትህ አይደለም፤ ሞኝ ነው። ይህን ሰው ውኃ አስጠምታችሁ አሳደራችሁት። ይህ ነው መልእክቱ፤ ተቀበል።"

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ከንፈሩን ነከሰ። ሽቦውን መለሱልኝ። "ድንጋዩ ለምርመራ ይቆይ" አሉ። ያን ሰሞን የቀበሌው ራዲዮ ድምፁ ጠርቶ ይሰማ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እስከ ዛሬም የለም።

ቤት ገብቼ ተኝቼ ሳስብ ግን፣ ጥፋቱ የዘቦቹ ብቻ አልነበረም። ድር ሲበጠስ ሸማኔ ወዲያው ያያል፤ ቀዳዳው ራሱ ይመሰክራል። እኔ የሠራሁት ቤት ሲበጠስ የሚደበቅ ነበር። ገመዱ ሲቆረጥ በሩ ይዘጋል፤ ሽቦው ሲቆረጥ እማሆይ ደኅና ነው ይላሉ። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሙያ ለገዛ ቤቴ ነፍጌው ነበር።

እንደገና ወጠርሁት። የበሩን ክብደት ገለበጥሁ፤ ገመዱን ይዤ ካሰርሁት ይዘጋል፣ ቢበጠስ ወይ ብለቀው በሌላው ጫፍ ያሰርሁት ድንጋይ ወርዶ መቀርቀሪያውን ያነሣል። ባትሪውን ተውሁት። በምትኩ ከአጥሩ በላይ በረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ ሰቀልሁ። በየማለዳው ገመዱን ስቤ ጨርቁን አወጣለሁ፤ ሲመሽ አወርደዋለሁ። የጨነቀኝ ጊዜ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ገመዱ ቢቆረጥም ጨርቁ በራሱ ይወርዳል። እማሆይ ጧት ጨርቁን ካላዩ ይመጣሉ። አይጠይቁም፤ ይመጣሉ። ጨርቁን ቀይ ያደረግሁት ደግሞ ዘመኑን አይቼ ነው፤ ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለበት ለማውረድ የሚደፍር ዘብ አልነበረም።

የጥምቀት ዋዜማ ተዋበች ይፋግ ነበረች። እኔ ብቻዬን ነኝ። አያ መኮንን በቅሎውን እየጎተተ መጣ፤ ኮቴዋን ለየሁት። ገና እጁን ለማንኳኳት ሲያነሣ በሩን ከፈትሁለት።

"ግባ፣ አያ" አልሁት ከአልጋዬ።

ገባ። ማንም የለም። ዙሪያውን አየ። ገበታው አጠገብ ተቀመጠ፤ ገመድ ስቤ እጁን አስታጠብሁት። ውኃው ከሸምበቆው ሲወርድ እጁን ከሥሩ ይዞ ገመዱን በዓይኑ እስከ ጣሪያው ተከተለው። ዶሮ ወደ እህሉ ተጠጋች፤ ጣሳው ጀርባዋን መታት። እንደ መሳቅ አለ።

"እናታችን" አለኝ በመጨረሻ፣ "አልጋ ላይ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆናት። እኛ እርሻ ስንውል በሩን ከውጭ ቆልፈንባት ነው የምንሄደው።"

ያ በር ከውስጥ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

"ብትሠራላት?" አለኝ።

"ገመድ ጫን" አልሁት።

ለእኔ የመጣችው በቅሎ ላይ ተሰቀልሁ፤ የሄድሁት ግን ወደ ደጀ ሰላም አልነበረም። ስንነሣ ጨርቁን ከእንጨቱ አስፈትቼ ለእማሆይ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ወድቋል ብለው እንዳይደነግጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ዝግ ያለ መንገድ ነው። ሐኪሙ እንዳለኝ ተዋበች ጧትና ማታ እግሬን በሞቀ ውኃ እያሸች ትስበዋለች፤ ከአልጋዬ እስከ በሩ በወገቤ ልክ ጠፍር ወጥረን እሱን ይዤ መቆም፣ ቀጥሎም በጣቶቼ ጫፍ እየተንገዳገድሁ መሄድ ጀመርሁ፤ በዓመቱ በሁለት ዱላ አጥሩን ዞርሁ፤ ዛሬ በአንድ ዱላ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ፣ ደጁ ላይ ለመቀመጥ ሳይሆን ለማስቀደስ። መርገጫ ግን ዳግመኛ አልረገጥሁም። እግሬ እንደ ሐኪሙ ቃል አልተመለሰም፣ አልባሰምም።

ያን ሐኪም እግዜር ይስጠው፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ሌላው ሁሉ ያልጠየቀኝን። ተዋበችን ምን ብዬ አመሰግናታለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንን ንፍሮ ታስበዋለች፣ እኔም እንዳታስበው እለምናታለሁ። እማሆይን ነፍሳቸውን ይማር።

እናንተ ጓያ የምትበሉ፣ ከእንፋሎቱ አትሽሹ። ሌላ እህል ከተገኘ ጓያውን ተዉት። ካልተገኘ ለብቻው አታድርጉት፣ በጥቂቱ ከሌላ እህል ቀላቅሉት፤ በብዙ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና ውኃውን ድፉት፣ ቀቅላችሁ ደግማችሁ ድፉት። መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም ተብያለሁ። ባታችሁ ከደረቀ፣ እግራችሁ ከሳተ፣ ያን ቀን አቁሙ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ባይጠይቃችሁም የበላችሁትን ንገሩት።

እናንተ የምታስታምሙ፣ ገመዱን ከበሽተኛው እጅ ጀምራችሁ ዘርጉ፤ ከበሩ አትጀምሩ። ሲበጠስ የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ አታድርጉት። በሽተኛ ቤት ዝም ሲል ደኅና ነው አትበሉ።

እኔ እስከ ዛሬ በየማለዳው ጨርቄን አወጣለሁ። አሁን የምታየው የእማሆይ የእህት ልጅ ናት። አንድ ጧት ሳታየው ትቀራለች፤ ያኔ ሳታንኳኳ ትገባለች። በሩም ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል።